ማዕቀብ ማንን ዐቀበ?

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲያባራ፣ ጠጉራቸው ገብስማ የሆነ አንድ ሰው ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ወደምሠራበት መስኮት ቀረቡ። በእጃቸው በአራት የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል። ወረቀቱ ላይ የአንዲት ሴት ስምና የአንድ ከተማ ስም በላቲን ፊደል ተጽፏል።

«ልጄ፣ ወደ ኩባ ገንዘብ መላክ ፈልጌ ነበር» አሉኝ። «ብዙ አይደለም፤ መቶ ሃምሳ ዶላር ነው።»

ባንክ ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ጥያቄ ሁለት ግድግዳ አለው። አንደኛው የራሳችን ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ከአገር ለማውጣት ደንብና ፈቃድ አለ። ይህን ስነግራቸው የጠበቁት ነበርና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛውን ግን አልጠበቁትም። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ዶላር ከአዲስ አበባ ወደ ሐቫና በቀጥታ አይሄድም፤ መንገዱ በአሜሪካ ባንኮች በኩል ነው፤ እዚያ ደግሞ «ኩባ» የሚል ቃል ያለበት የክፍያ ትእዛዝ ይታገዳል። «በዩሮስ ቢሆን፣ ልጄ?» አሉኝ። በዩሮም ቢሆን የአውሮፓ ባንኮች ይፈራሉ። ቢኤንፒ ፓሪባ የተባለው ታላቅ የፈረንሳይ ባንክ ከሱዳን፣ ከኢራንና ከኩባ ጋር የተያያዙ ክፍያዎችን በአሜሪካ በኩል አሳልፏል ተብሎ በ2014 ወደ 8.9 ቢሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ያንን ያየ ባንክ ለአንዲት አሮጊት መድኃኒት ብሎ ራሱን አደጋ ላይ አይጥልም።

ጋሼ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ታሪካቸውን በአጭሩ አጫወቱኝ። አባታቸው በኦጋዴን ጦርነት ሞተዋል። እሳቸው ገና ልጅ ሳሉ ወደ ኩባ ከተላኩት በሺህ ከሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት አንዱ ሆነው «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው ደሴት አድገዋል። ወረቀቱ ላይ ስሟ የተጻፈው ሴት የሒሳብ አስተማሪያቸው ነበረች። አሁን አርጅታለች፣ ታማለች፤ መድኃኒቱም ከመንግሥት መደብር ስለጠፋ በጓሮ በር በውድ ዋጋ ይገዛል።

«ማዕቀቡ ለሰብአዊ መብት ነው ይላሉ» አሉኝ ወረቀቱን መልሰው እያጠፉ። «የእሷን መብት ካልሆነ የማንን መብት ነው የሚያስከብረው?»

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

* * *

ከቃሉ ልጀምር። «ማዕቀብ» ከግእዙ «ዐቀበ» የተወለደ ነው፤ ጠበቀ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግ ሕግን የሚጠብቅ፣ ዐቃቤ መጻሕፍት መጻሕፍትን የሚጠብቅ ነው። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ «የንግድ ማዕቀብ» ሲባል ቃሉ ከሥሩ አንድ ጥያቄ አዝሏል፤ ማንን ከማን ይጠብቃል? የኩባን ሕዝብ ከገዢዎቹ ጠበቀ? ወይስ ገዢዎቹን ከሕዝቡ? አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።

የማዕቀቡ መነሻ ሰብአዊ መብት አልነበረም። በ1959 መባቻ ፊደል ካስትሮና ጓዶቹ የባቲስታን አምባገነናዊ መንግሥት ሲገረስሱ የኩባ ስኳር ዋና ገዢ አሜሪካ ነበረች። ከሸንኮራ እርሻው፣ ከስልኩ፣ ከመብራት ኃይሉና ከነዳጅ ማጣሪያው ብዙው በአሜሪካ ኩባንያዎች እጅ ነበር። በሜይ 1959 የመሬት ሥሪት ማሻሻያ ታወጀ። በፌብሩዋሪ 1960 የሶቪየቱ ባለሥልጣን አናስታስ ሚኮያን ሐቫና መጥቶ የንግድ ውል ፈረመ፤ ስኳር ወደ ሶቪየት፣ ነዳጅ ወደ ኩባ። በዓመቱ አጋማሽ ቴክሳኮ፣ ኤሶና ሼል የሶቪየትን ድፍድፍ ነዳጅ አናጣራም አሉ፤ ካስትሮ ማጣሪያዎቹን ወረሰ። በጁላይ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ከኩባ የስኳር ኮታ ላይ 700,000 ቶን ቆረጠ፤ ካስትሮም ሌሎቹን የአሜሪካ ንብረቶች መውረሱን ቀጠለ። በኦክቶበር 1960 ከምግብና ከመድኃኒት በቀር ከአሜሪካ ወደ ኩባ የሚላክ ዕቃ ታገደ። ኋላ የአሜሪካ መንግሥት ኮሚሽን መርምሮ ያጸደቃቸው የካሳ ጥያቄዎች 5,913 ነበሩ፤ ድምራቸውም ከወለዱ ውጪ ወደ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። በባንክ ሠራተኛ ዓይን ሲታይ ነገሩ የጀመረው ባልተከፈለ ዕዳ ነው።

ከዕዳው ጀርባ ግን ሌላ ሐሳብ ነበር። በኤፕሪል 1960 ሌስተር ማሎሪ የተባለ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ባለሥልጣን ለአለቃው ማስታወሻ ጻፈ። ከዓመታት በኋላ ለሕዝብ ይፋ የሆነው ይህ ማስታወሻ አብዛኛው የኩባ ሕዝብ ካስትሮን እንደሚደግፍ ያምናል፤ በአገር ውስጥም የረባ ተቃዋሚ እንደሌለ ይናገራል። ድጋፉን ለማሳጣት የቀረው መንገድ የኑሮ ችግር ነው ይላል፤ ገንዘብና ሸቀጥ በመከልከል ረሃብንና ተስፋ መቁረጥን ማምጣት፣ በዚያም መንግሥቱን መጣል። ሐሳቡ ይህ ነበር፤ ሕዝቡ ይራባል፣ የተራበው ይቆጣል፣ የተቆጣው ይነሣል።

በፌብሩዋሪ 1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሙሉውን የንግድ እገዳ ፈረመ። አዋጁ የጠቀሰው ምክንያት ኩባ ከሶቪየትና ከቻይና ኮሙኒዝም ጎን መሰለፏን ነው፤ የታሳሪ፣ የጋዜጣ፣ የምርጫ ነገር አልነበረበትም። የፕሬዚዳንቱ የፕሬስ ጸሐፊ ፒየር ሳሊንጀር በኋላ እንደተረከው፣ ኬኔዲ በፊርማው ዋዜማ ጠርቶት አንድ ሺህ ያህል የኩባ ሲጋር እንዲፈልግለት አዘዘው። በማግሥቱ ጠዋት ሳሊንጀር 1,200 ማግኘቱን ሲያበሥረው ፕሬዚዳንቱ መሳቢያውን ስቦ ወረቀቱን አወጣና ፈረመ። ታሪኩ ያስቃል፤ ነገር ግን ማዕቀብ የማይነካቸው እነማን እንደሆኑ ከመጀመሪያው ቀን ይናገራል። ባለሥልጣን ከማዕቀቡ በፊት ሲጋሩን ይሰበስባል፤ በወዲያኛው ወገን ያለውም ባለሥልጣን የራሱን ጓዳ አያጣም። በኩባ ግን በማርች 1962 ሕዝቡ በመቁነን መብላት ጀመረ። ያች የራሽን ደብተር ከሰው ልጅ ዕድሜ የሚበልጠውን እዚያ ኖረች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው።

* * *

ይህን ስል ካስትሮን ነጻ ለማውጣት አይደለም። በ1959 የመጀመሪያ ወራት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በችኮላ ችሎት ተፈርዶባቸው ሲረሸኑ ማዕቀብ አልነበረም። ከ1965 እስከ 1968 ካማጉዌይ አውራጃ ውስጥ «የምርት ማገዣ ወታደራዊ ክፍሎች» በሚል ስም የተከፈቱት የጉልበት ካምፖች የይሖዋ ምስክሮችን፣ ቄሶችን፣ ግብረ ሰዶማውያንንና ጠጉር ያስረዘሙ ወጣቶችን ያጎሩት ስኳር ስላልተሸጠ አይደለም። ጋዜጣው ሁሉ በመንግሥት እጅ የሆነው፣ ፓርቲው አንድ ብቻ የሆነው በገዢዎቹ ፈቃድ ነው። የኑሮ ውድቀቱም ቢሆን ሁሉ ከውጭ የመጣ አልነበረም፤ በ1968 ትንንሽ ሱቆችንና የጎዳና ምግብ ሻጮችን ሳይቀር የወረሰው የኩባ መንግሥት ራሱ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ዓይነት መንግሥት ለመገመት መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገንም፤ ቀበሌውንም ሰልፉንም እናውቀዋለን።

ስለዚህ ጥያቄው ካስትሮ ክፉ ነበር ወይስ ደግ የሚል አይደለም። ማዕቀቡ ያንን ክፋት አሳነሰው ወይስ አደለበው የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ጥሩ መፈተኛ ዘመን አለ፤ ከ1977 እስከ 1980 ያለው ጊዜ። እዚህ ላይ የእኛም አገር ታሪክ ይገባበታል።

ጂሚ ካርተር ሰብአዊ መብትን የውጭ ጉዳይ መመሪያው አድርጎ በ1977 ሥልጣን ያዘ። በፌብሩዋሪ ወር፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጓዶቹን ገድሎ ሥልጣኑን በጠቀለለ በሳምንታት ውስጥ፣ የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያ፣ ለአርጀንቲናና ለኡራጓይ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ በሰብአዊ መብት ምክንያት እንደሚቀንስ አስታወቀ። ደርግ በኤፕሪል የቃኘውን ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ ተቋማትን ዘጋ፤ መንግሥቱ በሜይ ሞስኮ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ከሞስኮ ጋር የመሣሪያ ድርድሩ ቀደም ብሎ ተጀምሯል፤ ካርተር ባይቆርጠውም ደርግ መሄዱ አይቀርም ነበር ማለት ይቻላል። ያም ሆነ ይህ እርዳታው ሲቆረጥ ቀይ ሽብር አልቆመም፤ ይልቁን የከፋው ወቅቱ ከዚያ በኋላ መጣ። የሆነ ሆኖ ይህን እርምጃ አልወቅሰውም። ያ የተከለከለው ጥይት ነው። ጥይት መንፈግና ወተት መንፈግ አንድ አይደለም፤ ለገዳይ መሣሪያ አለመስጠት ምንም ፍሬ ባያመጣ እንኳ እጅን ንጹሕ ያደርጋል።

በዚያው ዓመት ካርተር ለኩባ በሩን ገርበብ አድርጎ ነበር። አሜሪካውያን ወደ ኩባ እንዳይጓዙ የሚከለክለው ደንብ ተነሣ፤ በሴፕቴምበር 1977 በሁለቱ ዋና ከተሞች የጥቅም አስጠባቂ ቢሮዎች ተከፈቱ። ማዕቀቡ ራሱ ሊነሣ ይችላል የሚል ተስፋም ነበር። ከዚያ በሶማሊያ ወረራ የተጨነቀው ደርግ ድረሱልኝ አለ፤ ከአሥር ሺህ የሚበልጡ የኩባ ወታደሮች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ በማርች 1978 ጅጅጋ ነጻ ወጣች። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ባለው የትግላችን ሐውልት የእነዚያ ኩባውያን ምስል ዛሬም አለ። እዚህ የምናስታውሰው ውለታ ግን ዋሽንግተን ላይ ሌላ መልክ ነበረው፤ የኩባ ጦር በአፍሪካ መኖሩ የእርቁን ንግግር አቀዘቀዘው። ካራማራ ላይ የእኛ መንገድ ሲከፈት የኩባ ሕዝብ በር መልሶ ተገረበበ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ጋሼ ይታዩኛል፤ አባታቸውን የወሰደው ጦርነት እሳቸውን ያሳደገችውን አገር በር ከዘጉት አንዱ ሆነ።

በሩ ሙሉ በሙሉ ከመዘጋቱ በፊት ግን አንድ ነገር ሆነ። በ1978 ካስትሮ በአሜሪካ ከሚኖሩ የኩባ ስደተኞች ወኪሎች ጋር ተነጋገረ፤ በንግግሩም ወደ 3,600 የሚጠጉ የፖለቲካ እስረኞች እንደሚፈቱ ተስማማ። በ1979 ከ100,000 በላይ ስደተኞች ዘመድ ጥየቃ ወደ ኩባ ገቡ፤ ሻንጣቸው ልብስ፣ መድኃኒት፣ ሬዲዮና የፎቶግራፍ አልበም ሞልቶ። መንግሥት ለሃያ ዓመት «ትሎች» እያለ የሰደባቸው ሰዎች ጠግበውና ለብሰው፣ የእናታቸውን ደጅ አንኳኩተው ገቡ። ምንም መፈክር አልያዙም። ነገር ግን በማግሥቱ ዓመት፣ በኤፕሪል 1980፣ ከ10,000 በላይ ሰዎች በሐቫና የፔሩ ኤምባሲ አጥር ውስጥ ገብተው ጥገኝነት ጠየቁ፤ ከማሪየል ወደብም ወደ 125,000 ሰው በጀልባ ወጣ። ሃያ ዓመት የተጠጋ ማዕቀብ ያላንቀሳቀሰውን ሕዝብ የአንድ ዓመት ዘመድ ጥየቃ አንቀሳቀሰው። ገዢዎቹን ያስፈራቸው የዘመድ ሻንጣ ነበር።

* * *

ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ማሎሪ የተመኘው ሁኔታ በእርግጥ መጣ። ኩባ ከሶሻሊስት አገሮች ጋር የነበራት ንግድ ከጠቅላላ የውጭ ንግዷ ወደ 85 ከመቶ ይጠጋ ነበር፤ እሱ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ምርቷ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ከሲሶ በላይ ወደቀ። በሬ ትራክተርን፣ ቢስክሌት አውቶቡስን ተካ። በ1992 እና በ1993 ከ50,000 በላይ ሰዎችን የያዘ የነርቭና የዓይን ሕመም ገባ፤ ሐኪሞች ዋና ምክንያት ብለው የጠቀሱት የምግብ ጉድለትን ነው።

በዚያ ሰዓት የአሜሪካ ምክር ቤት ገመዱን ሳበው። የ1992ቱ የቶሪቼሊ ሕግ በሌላ አገር ያሉ የአሜሪካ ኩባንያ ቅርንጫፎች ከኩባ ጋር እንዳይነግዱ ከለከለ፤ ኩባ ወደብ የነካ የንግድ መርከብም ለ180 ቀን በአሜሪካ ወደብ ጭነት እንዳያወርድና እንዳይጭን አዘዘ። በፌብሩዋሪ 1996 የኩባ ተዋጊ ጄቶች የስደተኞች ማኅበር የሆኑ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖችን መትተው አራት ሰው ገደሉ። በቀጣዩ ወር የሄልምስ-በርተን ሕግ ተፈረመ። ይህ ሕግ እስከዚያ ድረስ በፕሬዚዳንት እጅ የነበረውን ማዕቀብ በምክር ቤት ሕግ ቆለፈው። ለመክፈቻነት ካስቀመጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች መካከል የፖለቲካ እስረኞች መፈታት አለ፤ መልካም ነው። ከዚያ ጋር ግን የሽግግሩ መንግሥት ፊደል ካስትሮንም ራውል ካስትሮንም እንዳያካትት በስም ጠቅሶ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ለአንድ ገዢ «እስረኛህን ፍታና ስኳርህን እገዛሃለሁ» ማለት ድርድር ነው። «ራስህን አጥፋና ስኳርህን እገዛሃለሁ» ማለት ግን ድርድር አይደለም፤ የሚሰማውም ገዢ እስረኛ የሚፈታበት አንዳች ምክንያት አይኖረውም። ማዕቀቡ ቁልፍ የሌለው ቁልፍ-ጋን ሆነ።

የኩባ መንግሥት መልስ በሕግ መጣ። በ1999 «ሕግ ቁጥር 88» የሚባል አወጣ። ከሄልምስ-በርተን ሕግና ከማዕቀቡ ዓላማ ጋር መተባበር፣ ለዚያ የሚረዳ መረጃ መስጠት፣ ለውጭ ሬዲዮና ጋዜጣ በዚያ መንፈስ መሥራት እስከ 20 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። በማርች 2003 በጥቂት ቀናት ውስጥ 75 ሰዎች ታፈሱ፤ ጋዜጠኞች፣ የቤተ መጻሕፍት ባለቤቶች፣ በኦስዋልዶ ፓያ መሪነት ለሕዝበ ውሳኔ ከ11,000 በላይ ፊርማ ያሰባሰቡ ሰዎች። ገሚሶቹ በዚሁ በሕግ ቁጥር 88፣ ገሚሶቹ በወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ ተከሰው ከ6 እስከ 28 ዓመት ተፈረደባቸው። ያለ ማዕቀቡ ካስትሮ አያስራቸውም ነበር አልልም፤ ሰበብ አያጣም። ግን ሰበቡን አሰናድቶ፣ ቀጽሎ፣ በእጁ ያኖረለት ማዕቀቡ ነው። ተቃዋሚን ሁሉ «አገራችንን የሚያስርብ የጠላት ቅጥረኛ» ለማለት የሚያስችል ማስረጃ ከጠላት እጅ በሕግ ታትሞ ሲመጣ ገዢ ከዚህ የበለጠ ምን ይሻል?

ከ75ቱ አንዱ ራውል ሪቬሮ የተባለ ገጣሚ ነበር። እሑድ እሑድ ግጥም ለሚሞክር እንደ እኔ ላለ ሰው የእሱ ነገር ይለያል። በወጣትነቱ አብዮቱን ያገለገለ፣ ኋላ ነጻ የዜና ድርጅት መሥርቶ የጻፈ ሰው ነው፤ 20 ዓመት ተፈረደበት። በ2004 መጨረሻ በሕመም ምክንያት ከእስር ወጣ፤ በ2005 ወደ ስፔን ተሰደደ፤ በ2021 በስደት እንዳለ ሞተ። ከእስር ያወጣው የአሜሪካ ማዕቀብ አልነበረም። የዓለም ጸሐፊዎች ጩኸትና የስፔን መንግሥት ንግግር ነበር። የሌሎቹም እንደዚሁ ነው። ሚስቶቻቸውና እናቶቻቸው ነጭ ለብሰው በየእሑዱ ከቅድስት ሪታ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በዝምታ ይሰለፉ ነበር። በፌብሩዋሪ 2010 ኦርላንዶ ሳፓታ ታማዮ የተባለው እስረኛ በረሃብ አድማ ሞተ። ከዚያ ካርዲናል ሃይሜ ኦርቴጋ ከራውል ካስትሮ ጋር፣ ስፔንም በጎን ተነጋገሩ፤ ከዚያ ቡድን በእስር የቀሩት 52 ሰዎች እስከ ማርች 2011 ተፈቱ። በዲሴምበር 2014 ኦባማና ራውል ሲስማሙ 53፣ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ በቫቲካን አማላጅነት 553 እስረኞች እንደሚፈቱ ተነገረ። በኩባ ታሪክ የወህኒ በር የተከፈተባቸውን ቀኖች ስንቆጥር ከእያንዳንዱ ጀርባ የምናገኘው አማላጅና ንግግር ነው።

* * *

ግን ፍርድ ሁለቱን ወገን መስማት ነውና የሌላውን ወገን ክርክር አልሸሽም። አንድሬ ሳኻሮቭን ያህል ሰው፣ ሞስኮ ውስጥ ሆኖ፣ በ1973 ለአሜሪካ ምክር ቤት ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ የንግድ ጥቅም ከሰው የመሰደድ መብት ጋር እንዲታሰር ለምኗል። የጃክሰን-ቫኒክ ማሻሻያ የተባለው ሕግ የዚያ ሐሳብ ነው። ሕጉ ገና በክርክር ላይ ሳለ ሶቪየቶች ተሰዳጆች ላይ የጣሉትን ከባድ የትምህርት ቀረጥ መሰብሰብ አቆሙ። ሕጉ በጃንዋሪ 1975 ሲፈረም ግን የንግድ ስምምነቱን ሰረዙ፤ በ1973 ወደ 35,000 የነበረው የአይሁድ ተሰዳጅ ቁጥር በ1975 ወደ 13,000 ወረደ። በ1979 ሁለቱ መንግሥታት ሲቀራረቡ ከ50,000 አለፈ። የተነሣው ዱላ ሠርቷል፤ የወረደው ዱላ ግን ከሸፈ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የፖላንድ ምሳሌ ነው። በዲሴምበር 1981 ጄኔራል ያሩዜልስኪ የጦር ጊዜ አስተዳደር አውጆ የሶሊዳሪቲ ማኅበርን ሲበትን፣ ፕሬዚዳንት ሬጋን ማዕቀብ ጣለ፤ የጦር ጊዜው ይነሣ፣ እስረኞች ይፈቱ፣ ከሕዝቡ ጋር ንግግር ይጀመር ሲል ጥያቄውን ቆጥሮ ሰጠ። ጄኔራሉ ይሰናበት አላለም። ፖላንድ ደግሞ ለምዕራብ ባንኮች ከባድ ዕዳ ነበረባት፤ ያለ አዲስ ብድር መተንፈስ አትችልም። አንድ እርምጃ ስትራመድ አንድ እገዳ ይነሣላት ነበር። በሴፕቴምበር 1986 የፖለቲካ እስረኞቹ በምሕረት ተፈቱ፤ በፌብሩዋሪ 1987 የቀረው እገዳ ተነሣ። የሶሊዳሪቲው መሪ ሌክ ዋሌሳ ራሱ እገዳው እንዲነሣ ከ1983 መጨረሻ ጀምሮ ሲጠይቅ ነበር። በ1989 ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ።

ስለዚህ ማዕቀብ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ጥያቄው የተቆጠረ፣ ገዢው ሳይሞት ሊፈጽመው የሚችል፣ ሲፈጸምም በሩ በእርግጥ የሚከፈት ከሆነ እስረኛ ሊያስፈታ ይችላል። የሚራበው ሕዝብ ራሱ ወይም ወኪሉ ሲጠይቀው ደግሞ ክብር ይኖረዋል። የኩባው ማዕቀብ ከእነዚህ አንዱንም አላሟላም።

ንግድ መክፈት ብቻውን ነጻነት ያመጣል የሚሉትንም አላምናቸውም። አሜሪካ በፌብሩዋሪ 1994 በቬትናም ላይ የነበረውን ማዕቀብ አነሣች፤ ቬትናም ከድህነት ወጣች፤ ፓርቲው ግን አንድ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ጦማሪም ይታሰራል። በኩባም ኦባማ በማርች 2016 ሐቫና ገብቶ ሲናገር የተቃዋሚዎች የአጭር ጊዜ እስራት አልቆመም። በጁላይ 2021፣ ማዕቀቡ እንደገና ጠብቆና ወረርሽኙ ተጨምሮበት፣ ሕዝቡ «ነጻነት» እያለ አደባባይ ሲወጣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እስር ቤት ገቡ። ማሎሪ በ1960 የተመኘው ቁጣ ከ61 ዓመት በኋላ መጣ፤ መጥቶም ያገኘው ነገር ወህኒ ነው። ቬትናማዊቷ አስተማሪ ግን ቢያንስ መድኃኒቷን ከሱቅ ትገዛለች። የመናገር መብቷን ያላገኘች ሴት የመታከም መብቷን ማጣቷ ለመናገር መብቷ ምን ይጨምርለታል?

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከ1992 ጀምሮ ይህን ማዕቀብ የሚነቅፍ ውሳኔ ሲያሳልፍ ቆይቷል፤ በ1992 ድጋፉ 59 ለ3 ነበር፤ በ2016 አሜሪካ ራሷ ድምፀ ተዓቅቦ አድርጋ 191 ለ0 ሆነ። ድምፀ ተዓቅቦ! «ተዓቅቦ»ም ከዚያው ከ«ዐቀበ» ነው። በዚያ አንድ ቀን ማዕቀቡን የጣለችው አገር ራሷ ከማዕቀቡ ታቀበች።

ጋሼ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ መጥተው ነበር፤ ለሌላ ጉዳይ። «እንዴት ሆኑ አስተማሪዎ?» አልኳቸው። ወደ ሐቫና የሚሄድ ሰው አግኝተው መድኃኒቱን በሻንጣ ልከዋል። እንደ 1979ኞቹ ዘመድ ጠያቂዎች፣ በሻንጣ። ለጥያቄያቸው ያለኝን መልስ ያን ጊዜ በአፌ መናገር አፈርኩ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ እነዚህን ስንኞች ቋጠርኩ።

በሩን ከውጭ ዘጋህ፥ ጨቋኙን ልትቀጣ፤
እሱ ጓዳው ሞላ፥ ድሃው እራት አጣ።
ዘበኛ ሆንክለት፥ ሳትቀጠር ደጁ፤
ሰበብ አቀበልከው፥ ለጭቆና አዋጁ።
ማዕቀብ ጠባቂ ነው፥ ከሥሩ ሲፈታ፤
ማንን እንደጠበቅህ፥ ልጠይቅህ ላፍታ።